የጋፋት የልጅ ልጅ ልጅ በሆሊውድ

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ስሟ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሴባስቶፖልን ነው። አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። ትልቁ መድፍ እዚያ የተሠራው በ1867 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ሄዱ። የቀረውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጋፋትን ከሆሊውድ ጋር አያይዞ የሚያነሳ ግን ብዙም አይገኝም። ሁለቱን የሚያገናኝ የደም መስመር መኖሩ ቢታወቅ ኖሮ እስካሁን ፌስቡክ በሞላ ነበር።

ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል ይባላል። ከክራኮቭ የመጣ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተለወጠ ፖላንዳዊ ነው። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ናት፤ ፈረንጆቹ ካታሪና ይሏታል። አባቷ መጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ፣ ኋላ በቴዎድሮስ ዘንድ የኖረው ጀርመናዊው ሰዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። መቅደላ በተሰበረበት ዓመት፣ በ1868፣ ሆልና ወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ወለዱ። ማግዳሌና አሏት። ከዘመቻው በኋላ ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ የመጽሐፍ ቅዱሷ ኢዮጴ በሆነችው ጃፋ ከተመ። ማግዳሌና እዚያ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ባላባት አገባች። ልጃቸው ዮና ኋላ ለንደን ገባ። የዮና ልጅ ፒተር በ1921 ለንደን ተወለደ።

ፒተር ኡስቲኖቭ ማለት ይኼ ነው። ተዋናይ፣ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር፣ የሁለት ኦስካር ባለቤት። በጋፋት መድፍ ያፈሰሰው ሰው የልጅ ልጅ ልጅ።

ይህን ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ኩራት ነው። «የኛ ሰው ኦስካር ወስዷል!» በፑሽኪን ላይ የተደረገው ሁሉ ሊደረግ ይችላል። ነገር ግን ከመኩራት በፊት ሰውየው ኦስካሩን የወሰደው ማንን ተጫውቶ እንደሆነ ማየት ይበጃል።

የመጀመሪያውን የወሰደው በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» ነው። የተጫወተው ባቲያተስን፣ ካፑዋ ላይ የግላዲያተር ትምህርት ቤት ያለውን ሮማዊ ነጋዴ ነው። ሰው እንደ ከብት ጥርሱን አይቶ የሚገዛ፣ አሠልጥኖ ለመተራረድ የሚያቀርብ፣ ፈሪና ተንኮለኛ፣ በዚያ ላይ የሚያስቅ ሰው። በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ድራባ። የባቲያተስ ንብረት ነው። የተጫወተው የሎስ አንጀለሱ ተወላጅ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ውዲ ስትሮድ ነው። ድራባ ብዙ አይናገርም። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው መናገር አይፈልግም፤ ነገ ሊገድለው ከሚችል ሰው ጋር ወዳጅነት ምን ያደርግለታል? ከሮም የመጡ እንግዶች እስከ ሞት የሚደርስ ፍልሚያ ካላየን ሲሉ ሁለቱ ይገጥማሉ። ድራባ ያሸንፋል፤ ግን አይገድልም። ጦሩን ወደ ተመልካቾቹ ሰገነት ወርውሮ ራሱም ተከትሎ ይወጣል፤ እዚያው ይገደላል። ሬሳው ለሌሎቹ መቀጣጫ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ይባል። በዚያ ፊልም ከፊት ከተሰለፉት ውስጥ የጎንደር ምድር ደም ያለበት ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ኡስቲኖቭ ነው። አሥራ ስድስተኛ እጅ ትሁን እንጂ አለች። ኢትዮጵያዊውን የሚገዛው እሱ ነው። ኢትዮጵያዊው ሆኖ የሚሞተው ደግሞ ኢትዮጵያን የማያውቅ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ይህን ያቀናበረ ሰው የለም፤ ሆን ብሎ ያሰበበትም የለም። ሆሊውድ የሚያየው ደም ሳይሆን ፊት ነው፤ የኡስቲኖቭ ፊት ደግሞ ነጭ ነው። በ1951 ኔሮን ሆነ። በ1978 የአጋታ ክሪስቲን ቤልጂጋዊ መርማሪ ፖይሮን ሆነ። በ1975 በዲዝኒ ፊልም ቻይናዊ ሰላይ ሆነ። በ1981 ደግሞ ቻርሊ ቻንን ሆነ፤ ጉዳዩ ከዚህ ላይ ይከርራል።

ቻርሊ ቻን በ1925 በወጣ ልቦለድ የተፈጠረ የሆኖሉሉ መርማሪ ነው። ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው፤ ምሳሌ እየደረደረ፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ፣ ጎንበስ እያለ የሚናገር ብልህ ሰው። ከ1931 ጀምሮ በስክሪን ያነገሠው ዋርነር ኦላንድ ስዊድን የተወለደ ነው። ከእሱ በኋላ የተተኩትም ነጮች ናቸው። የቻርሊን ትልቅ ልጅ የተጫወተው ግን ኪ ሉክ የተባለ እውነተኛ ቻይናዊ ነበር። ልጁ እውነተኛ፣ አባቱ የተቀባ! ተመልካቹ ይህን ለዓመታት እንደ ተራ ነገር አየው።

በዚያው ዘመን አና ሜይ ዎንግ የምትባል የሎስ አንጀለስ ልጅ ነበረች፤ በሆሊውድ የመጀመሪያዋ ታዋቂ ቻይናዊት አሜሪካዊት ተዋናይ። ስለ ቻይና ገበሬዎች የሚተርከው «ዘ ጉድ ኧርዝ» በ1937 ሲወጣ የገበሬውን ሚስት መጫወት ፈልጋ ነበር። ባልየውን ፖል ሙኒ የተባለ ነጭ ይዞታል። የጊዜው የስቱዲዮዎች ደንብ የተለያየ ዘር ያላቸውን ሰዎች በፍቅርና በትዳር ማሳየት ይከለክል ስለነበር ቻይናዊቷ የቻይናዊቷን ቦታ ማግኘት አልቻለችም። ቦታው ለጀርመን ተወላጇ ሉዊዝ ራይነር ተሰጠ፤ ራይነር ኦስካር ወሰደችበት። ለዎንግ የቀረበላት የክፉዋ ቁባት ቦታ ነበር። እምቢ አለች።

ኡስቲኖቭ ዓይኑን አስቀብቶ ቻርሊ ቻንን ሊሠራ ሲነሳ ግን ዘመኑ ተለውጧል። የቻይና ተወላጅ አሜሪካውያን ፊልሙ ገና ሲቀረጽ ተቃወሙት። የተቃወሙት ኡስቲኖቭ መጥፎ ተዋናይ ስለሆነ አይደለም። የአያት የቅድመ አያቱን የዘር ሐረግ የጠየቀም የለም። ጥያቄያቸው የእንጀራና የክብር ነበር፦ ቻይናዊ የሚጫወት ቻይናዊ ጠፍቶ ነው? ይህ የማሾፊያ አነጋገርስ የማን ነው? ፊልሙ ወጥቶ ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ቻርሊ ቻን ትልቁን ስክሪን አላየም።

ይህ ድል ከሰማይ አልወረደም። እነ ማኮ በሎስ አንጀለስ «ኢስት ዌስት ፕሌየርስ» የተባለውን ቲያትር ቤት ያቋቋሙት በ1965 ነው፤ የሚሰጣቸው ቦታ ከአሽከርና ከጠላት ወታደር ስላላለፈ የራሳቸውን መድረክ ሠሩ። «ዘ ጆይ ላክ ክለብ» በ1993 ወጣ። ከዚያ በኋላ በትልቅ ስቱዲዮ፣ ተዋናዮቹ በብዛት የእስያ ተወላጆች ሆነው፣ የዘመኑን የእስያ አሜሪካውያን ሕይወት የያዘ ፊልም እስኪመጣ፣ ማለትም እስከ 2018ቱ «ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ» ድረስ፣ ሃያ አምስት ዓመት ተጠበቀ። በመካከሉም ሌላ ጣጣ ነበር፤ በ2005 የጃፓን ጌሻዎችን ታሪክ የያዘው ፊልም ዋና ዋና ቦታዎቹን ለቻይናውያንና ለማሌዢያዊቷ ሚሼል ዮ ሰጠ፤ ቶኪዮም ቤጂንግም ተቆጡ። ሆሊውድ ነጭ መቀባቱን ሲተው ወደ ሁለተኛው ልማድ ይገባል፦ እስያዊ እስያዊ ነው፣ የትኛውም ይሁን።

ኢትዮጵያም በሁለቱም ደጆች አልፋለች።

በመጀመሪያው ደጅ የገባችው ንግሥተ ሳባ ናት። በ1959 «ሰለሞንና ሳባ» ሲሠራ ሳባን የሆነችው ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ነበረች። የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ከወጣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። የክብረ ነገሥትን አገር እናት ለመሆን ሮም ሄዶ ሴት መፈለግ... ይሁን። ነገሩ ግን ሆሊውድም የጀመረው አይደለም። በ1868 ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ በተወሰደ ጊዜ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ አቁማ አነሳችው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ፊት ላይ ያለውን ሐዘን ያየ አይረሳውም። በዚያው ሰሞን አጃቢው ካፒቴን ስፒዲ፣ ሐበሾች ባሻ ፈለቀ ያሉት ግዙፍ እንግሊዛዊ፣ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ እንደ ጦረኛ ተደርድሮ ተነሳ። አባቱ የሞተበትን ልጅ ልብስ አጃቢው ሲጫወትበት ማለት ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው ደግሞ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የሚታወቅ ፎቶ የላቸውም። ከፊታቸው ተቀድተው ከተሠሩት ጥቂት ሥዕሎች አንዱ ከሞቱ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆምስ፣ ሬሳቸው አጠገብ ሆኖ የነደፈው ነው።

ሁለተኛው ደጅ በ1973 ተከፈተ። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው ፊልም ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀረጸ። ታሪኩ ጥቁር አሜሪካዊ መርማሪ በአፍሪካ የሰው ንግድ የሚያካሂዱትን ሲያሳድድ ነው። ያኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጀግናው ጥቁር፣ አገሩ ጥቁር። ነገር ግን አሚሩን የተጫወተው የጉያና ተወላጁ ሳይ ግራንት ነው። ልዕልቲቱን «አለሜ»ን የተጫወተችው የሳን ፍራንሲስኮዋ ቮኔታ ማጊ ናት። ደበበ እሸቱ፣ በአዲስ አበባ መድረክ ስሙ የገነነው ደበበ፣ «ዋሳ» የሚባል የጎን ሰው ሆነ። አገሩ እውነተኛ፣ መልክዓ ምድሩ እውነተኛ፤ ዋናዎቹ ኢትዮጵያውያን ግን ከውጭ የመጡ። ኪ ሉክን ያስታውሷል።

«ታዲያ ጥቁር ጥቁርን ቢጫወት ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሶ፣ የአዲስ አበባ ተዋናዮች የዴንማርክ ልዑል ሲሆኑ የዴንማርክ ሕዝብ አልተበደለም። ሌላውን መሆን የተዋናይ ሥራ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ዴንማርክን ዓለም የሚያውቃት አዲስ አበባ በተሠራ ቲያትር አይደለም። ኢትዮጵያን ግን አብዛኛው የዓለም ተመልካች የሚያውቃት በሌሎች ካሜራ ነው። የሚታየው አንድ ምስል ብቻ ሲሆን በዚያ ምስል ውስጥ ማን እንደቆመ ይቆጠራል።

2019ን ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት ኔትፍሊክስ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሐሰት መዝናኛ ከፍተው ቤተ እስራኤልን በሱዳን በኩል ያወጡትን የሞሳድ ሰዎች ታሪክ አወጣ። ታሪኩ የጎንደርና የትግራይ ሰዎች ታሪክ ነው፤ በእግራቸው ተራራ ወርደው፣ በረሃ አቋርጠው፣ ብዙዎች በመንገድና በስደተኛ ጣቢያ የቀሩበት። ፊልሙ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ጀግናው ክሪስ ኢቫንስ ነው። ፈረደ አክሉም የተባለው፣ ያለ እሱ ነገሩ የማይጀመረው ሰው፣ «ከበደ ቢምሮ» ተብሎ በጥቁር አሜሪካዊው ማይክል ኬ ዊልያምስ ተሠራ። ዊልያምስ ድንቅ ተዋናይ ነበር። የተሰጠው ግን ጥቂት ነው፤ ቤተ እስራኤል በዚያ ፊልም ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጫኑ ሰዎች ናቸው፣ በጭነት መኪና፣ በጀልባ፣ በአውሮፕላን። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ራዱ ሚሃይሌያኑ ተመሳሳይ ጉዞ ላይ ተመሥርቶ በሠራው «ኑር፣ ሁን» ሊባል በሚችለው የፈረንሳይ ፊልም ግን ልጁን በሦስት ዕድሜ የተጫወቱት ከቤተ እስራኤል የወጡ ናቸው፤ ጎልማሳውን የሆነው ሲራክ ሳባሃት ራሱ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተወሰደ ነው። አማርኛው አማርኛ ነው። ስለዚህ «ተዋናይ አልተገኘም» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

የዚያው የ2019 ሁለተኛው ፊልም የበለጠ ያስተምራል፤ አዘጋጁ ኢትዮጵያዊ ነውና። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ን በ2014 ያወጣው በአማርኛ፣ በእነ ሜሮን ጌትነትና ትዝታ ሃገሬ ነው፤ ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። ቀጥሎ የሠራው ሐረር የኖረች እንግሊዛዊት የምትተርከው ልቦለድ ነው። ዳኮታ ፋኒንግ በዋና ተዋናይነት መያዟ ሲሰማ ኢንተርኔቱ ነጭ ኢትዮጵያዊት ልትሆን ነው ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ አድራሻውን ስቷል፤ ገጸ ባሕርይዋ በልቦለዱም ነጭ ናት። ያልተጮኸው ሌላው ነው፦ ኢትዮጵያዊቷን አሚናን የእንግሊዝ ናይጄሪያዊቷ ውንሚ ሞሳኩ፣ የሐረሩን ሐኪም አዚዝን አሜሪካዊው ያህያ አብዱል ማቲን ሠሩት። ኢትዮጵያዊ አዘጋጅ፣ ሐረር ላይ የተቀረጸ ፊልም፣ ግን ትልልቆቹ ኢትዮጵያውያን ሌላ ሰው። ዘረሰናይ ተዋናይ እንደማያጣ በ«ድፍረት» አሳይቷል። የእንግሊዝኛ ፊልም ገበያ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ስሙን በሚያውቀው ፊት ላይ ነው፤ ገበያው ስሙን የሚያውቀው ደግሞ ቀድሞ ቦታ የተሰጠውን ነው። ይህን አዙሪት አንድ አዘጋጅ በመልካም ፈቃዱ አይሰብረውም።

የሚሰብረው ምን እንደሚያስከፍል ከኃይሌ ገሪማ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት፣ ተውኔት ደራሲው ገሪማ ታፈረ ናቸው። በ1967 ትወና ሊማር ቺካጎ ሄደ። በዚያ መድረክ ለእንደ እሱ ዓይነት ሰው ያለው ቦታ የት ድረስ እንደሆነ ሲያይ ትወናውን ትቶ ካሜራ ያዘ፤ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ገባ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974፣ አብዮቱ እየፈነዳ፣ በገበሬዎች መካከል ቀረጸ። «ጤዛ» ግን በ2008 እስኪወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደበት፤ ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል፣ ሲገኝ ይቀጥላል። በጣና አቅራቢያ ባለች መንደር ያሉ ሰዎች በዚያ ፊልም ዳራ አይደሉም፤ ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይፈራሉ፣ ያሾፋሉ። አንበርብርን አሮን አረፈ ተጫወተው። ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ለዚህ የሆሊውድ ስቱዲዮ በር አላንኳኳም፤ ዋጋው ግን ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ፤ ነገሩ ሆሊውድን በመውቀስ ብቻ አያልቅምና። የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእብናት ሰው በአማርኛ ፊልም ውስጥ ማነው? ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አበባ በርካታ ፊልም ሠርታለች። ከጎንደር ገጠር የመጣ ሰው በብዛት የሚታየው በር ላይ ነው፤ ዘበኛ ሆኖ። ካልሆነ ሎተሪ አዟሪ፣ ካልሆነ ቪላው ውስጥ ሳህን የምትሰብር የቤት ሠራተኛ። ዘዬው ማሳቂያ ነው። ያንን ዘዬ የሚናገረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ያደገ ኮሜዲያን ነው፤ «ገጠሬ ዘዬ» የሚባል አንድ ጆንያ ውስጥ ጎጃሙንም፣ ወሎንም፣ ደቡብ ጎንደርንም ከትቶ። የጉና ተራራ ሥር ሰው ሲሰማው የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ይስቃል፣ ሳቁ ከጎረቤት የመጣ ይመስለዋል። በትርጉም ድራማው እንኳን ከአናቶሊያ ገጠር የመጣችው የቱርክ ባልቴት አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ ትናገራለች፤ ለእሷ የተሰጠው ክብር ለእብናቷ ባልቴት አልተሰጠም።

ቻርሊ ቻን ማለት ይኼው ነው፤ በተሰበረ አነጋገር ምሳሌ የሚደረድር፣ ብልህ ቢሆንም የሚያስቅ፣ ሌላ ሰው የሚጫወተው። ልዩነቱ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሰዎች ተሰብስበው «አይሆንም» ማለታቸው ነው።

ቴዎድሮስ ሲሠሩ ነገሩ ይቀየራል፤ ንጉሡ በመድረክ ላይ የሚናገሩት በቅኔ ቃና ነው፣ ግርማ ባለው ድምፅ፣ ያለ ዘዬ። የቋራው ሰው፣ ደብረ ታቦርን ከተማው ያደረገው ሰው፣ ጋፋት ላይ መድፍ ሠሪዎቹን ሲያነጋግር ምን ዓይነት አማርኛ እንደተናገረ ለመገመት የሚሞክር አዘጋጅ ብርቅ ነው። ንጉሥ ሲሆን ዘዬው ይወገዳል፤ ዘበኛ ሲሆን ይጨመርለታል። በፊልሙ መጨረሻ ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ደግሞ የዘበኛው ገጸ ባሕርይ የራሱ ስም የለውም፤ «ዘበኛ» ተብሎ ተጽፎ ያልፋል።